ኩርፊያ እንቅፋት አይደለም፦ የወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ ረቂቅ እንዴት ይመዘናል?

ጥያቄው፦ «በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የቀድሞ ተማሪዬ 240 ገጽ የፍቅር ልብ ወለድ ረቂቅ ሰጥታኝ አስተያየቴን እየጠበቀች ነው። ባለታሪኳ ሜሮን የ17 ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገጽ 9 ላይ ከናሆም ጋር ይተዋወቃሉ፤ ይዋደዳሉ። ገጽ 71 ላይ ናሆም ከአክስቷ ልጅ ጋር ካፌ ተቀምጣ ያያትና ሌላ ወንድ ይዛለች ብሎ ይኮርፋል። እስከ ገጽ 198 አይነጋገሩም። በመሐል፣ ገጽ 134 ላይ፣ እጇን ጎትቶ ከታክሲ ያስወርዳታል። መጨረሻ ላይ የእናቷ ጓደኛ በአጋጣሚ እውነቱን ትነግረውና ይታረቃሉ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጻጻፏ ያምራል፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ መናገር አቃተኝ። እንዴት ልገምግመው? ለተማሪዎቼ ባስነብበውስ ይሆናል?»

መልስ፦

መምህርት፣ የጎደለውን ነገር ሳያስቡት በጥያቄዎ ውስጥ ጽፈውታል። ከገጽ 71 እስከ ገጽ 198 ድረስ 127 ገጽ አለ፤ ከመጽሐፉ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ገጽ የተንጠለጠለው በአንድ ኩርፊያ ላይ ነው። ኩርፊያ ደግሞ እንቅፋት አይደለም። አጻጻፉ እያማረ ልብዎ ያልሞላው ለዚህ ነው።

የፍቅር ልብ ወለድ የሚመዘነው ሁለቱ ምን ያህል እንደሚዋደዱ በማየት አይደለም። እንደሚዋደዱማ አንባቢ ገና ሽፋኑን ሲያይ ያውቃል፤ በመጨረሻ እንደሚገናኙም ይጠረጥራል። ይህን እያወቀ ገጽ የሚያስገልጠው «ይሄ በመካከላቸው የቆመው ነገር እንዴት ብሎ ይነሣል?» የሚለው ጥያቄ ነው። የቆመው ነገር ቀላል ከሆነ መጽሐፉም ይቀላል። ከባድ ከሆነ ግን ሁለቱ እሱን ለማንሣት ሲሉ ይለወጣሉ፤ ፍቅራቸውም በተለወጡበት ልክ ይታመናል። ስለዚህ ግምገማዎን ከእንቅፋቱ ይጀምሩ።

እንቅፋቱን ለመፈተሽ ሁለቱን በሐሳብዎ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸውና አምስት ደቂቃ ብቻ እውነት እውነቱን እንዲነጋገሩ ያድርጉ። «ያ ልጅ ማነው?» «የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከአዳማ መጥቶ ነው።» አለቀ፤ ናሆም ያፍራል፣ ሜሮን ትስቃለች፣ ሂሳብ ይከፍላሉ። አምስት ደቂቃ ንግግር የሚያፈርሰው ነገር 127 ገጽ ሊሸከም አይችልም። ጸሐፊዋ ያንን ርቀት ለማቆየት ምን እንዳደረገች መለስ ብለው ይዩ፦ ምናልባት አንድ ቦታ ስልኩ ተሰርቋል፣ ሌላ ቦታ መልእክቱ ሳይደርስ ቀርቷል፣ ጓደኛዋ ልትነግረው ስትል ሰው ይመጣል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ መሰናክሎች ከሦስት በላይ ካገኙ ጸሐፊዋ ገጸ ባሕርያቱ እንዳይነጋገሩ በእጇ እየያዘቻቸው ነው። አንባቢ ይህን በስም ባይጠራውም ይሰማዋል፤ «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ያሰኘዎት ይህ ነው።

እውነተኛ እንቅፋት ከተነጋገሩም በኋላ የሚቀር ነው። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ እንቅፋት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲ ምደባ አለ፤ እሷን ጅማ፣ እሱን ጎንደር ሊያደርስ ይችላል፤ ምንም ቢነጋገሩ ምደባው አይቀየርም። የሃይማኖት ልዩነት አለ። ቤተሰቡ ዘር ቆጥሮ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ሲያገኝባቸው ጋብቻ ሊከለክል ይችላል። ታላቅ እህቷ ቤሩት ሄዳ ቤቱን የምታስተዳድር ከሆነ የሜሮን ውጤት የእሷ ብቻ አይደለም፤ ለናሆም የሰጠችው እያንዳንዱ ሰዓት ከእህቷ ላብ የተቀነሰ ሆኖ ይሰማታል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጣል፤ ማንም ክፉ ሰው ሳይኖርበት ሁለት ልጆችን ያራርቃልና።

የካፌውን ትዕይንት ግን አውጪው አይበሏት። አለመግባባት እንቅፋት ሊሆን አይችልም እንጂ እንቅፋት የሚገባበት በር ይሆናል። ቁልፉ ጥያቄ «ናሆም ለምን ወዲያው አመነ?» ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ቀርቦ ሰላም ይላል፤ ይተዋወቃል። ናሆም ግን ዞሮ ሄደ። አባቱ አንድ ቀን ዞሮ የሄደ ሰው ከሆነ፣ ልጁ ሰው ሳይተወው ቀድሞ መተውን የተማረ ከሆነ፣ የአክስቷ ልጅ ማንነት ቢነገረውም ችግሩ አይፈታም፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ምክንያት ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ አምስት ደቂቃ ንግግር አይበቃም። የውስጥ እንቅፋት የምንለው ይህንን ነው። የውጭው (ምደባ፣ ቤተሰብ፣ ገንዘብ) ታሪኩን ያንቀሳቅሰዋል፤ የውስጡ (ፍርሃት፣ እፍረት፣ የቆየ ቁስል) ደግሞ ፍጻሜውን ያስከፍላል። ጥሩ መጽሐፍ ሁለቱም አሉት፤ አንዱም ሌላውን ያባብሰዋል።

ሴራውን ለመለካት መሣሪያ ከፈለጉ አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ፓሜላ ሬጂስ እኤአ በ2003 ባሳተሙት ጥናት የፍቅር ልብ ወለድ ስምንት አስፈላጊ ክፍሎች እንዳሉት አሳይተዋል፦ ፍቅረኞቹ የሚኖሩበት ማኅበረሰብ መልክ፣ መገናኘታቸው፣ መሳሳባቸው፣ እንቅፋቱ፣ ፍቅርን መግለጽ፣ ሁሉም ነገር ያከተመ የሚመስልበት የሞት ያህል ቅጽበት፣ እንቅፋቱን የሚያነሣው መገንዘብ፣ ከዚያም ቃል ኪዳን። ቅደም ተከተላቸው ሊለዋወጥ፣ አንዱ ሁለት ሦስቴ ሊመጣ ይችላል። ክፍሎቹ መኖራቸውን ብቻ ቆጥረው እንዳያልፉ። ዋናው እያንዳንዱ በማን እጅ እንደተፈጸመ ነው። በእርስዎ ረቂቅ መገንዘቡ የመጣው ከእናቷ ጓደኛ አፍ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ። ናሆም ምንም አልተገነዘበም፤ ተነገረው እንጂ። ጡዘቱ የላላው እዚህ ላይ ነው። ስለ አጋጣሚ የሚሠራበት ደንብ ግልጽ ነው፦ ችግር የሚያመጣ አጋጣሚ አንባቢ ይቀበላል፤ ችግር የሚፈታ አጋጣሚ ግን አይቀበልም። ናሆም ካፌው በር ላይ በአጋጣሚ መድረሱ ምንም አይደለም። እውነቱ በአጋጣሚ ጆሮው መግባቱ ግን መጽሐፉን ዋጋ ያሳጣዋል።

በ240 ገጽ ስፋቱን እንዲህ ቢያዩት ይረዳዎታል። መገናኘቱ ከመጀመሪያዎቹ 24 ገጾች ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ገጽ 9 ስለዚህ መልካም ነው። እንቅፋቱ ቢያንስ ሽታው እስከ ገጽ 40 መድረስ፣ ገጽ 60 አካባቢ ደግሞ መግዘፍ አለበት። የሞት ያህሉ ቅጽበት ከገጽ 180 እስከ 205 መካከል ቢውል ለመታረቁ በቂ ቦታ ይቀራል። ይህ እንደ ሒሳብ ቀመር የሚጠበቅ አይደለም፤ ብዙ ሲያፈነግጥ ግን ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ረቂቅ ከገጽ 9 እስከ 71 ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። 62 ገጽ ሙሉ ደስታ ነው፤ ያም አንባቢን ያደክማል።

ሁለት ጊዜ ያነበቡት ለስሜት ነው፤ እሱም ያስፈልግ ነበር። ሦስተኛው ንባብ የሥራ ይሁን። አንድ ወረቀት አጋድመው አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ የምዕራፉ ቁጥርና ገጹ፣ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ በሁለቱ መካከል ምን እንደተለወጠ፣ ወሳኙን እርምጃ ማን እንደወሰደ፣ አጋጣሚ መኖር አለመኖሩ። ለአንድ ምዕራፍ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ በተከታታይ ለሦስት ምዕራፍ ባዶ ከሆነ ታሪኩ እዚያ ቆሟል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ቢያምሩም ቆሟል። አራተኛው ዓምድ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይናገራል። የሜሮንን ስም ስንት ጊዜ እንደጻፉበት ይቁጠሩ። ባቀረቡት ጭምቅ ሐሳብ ላይ ተመሥርቼ ስገምት በጣም ትንሽ ነው፦ ናሆም ያያል፣ ናሆም ይኮርፋል፣ ናሆም ይጎትታል፣ የእናቷ ጓደኛ ትናገራለች፣ ናሆም ይመለሳል። ሜሮን ታለቅሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ትቀበላለች።

ይህ የወጣቶች ልብ ወለድ ሆኖ ለመጠራት ዋናውን ነገር ያጎድለዋል። ባለታሪኳ 17 ዓመቷ ስለሆነ ብቻ መጽሐፉ የወጣቶች አይሆንም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የወጣቶች ክፍል ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ወጣት አንባቢ ይላቸዋል፤ ዕድሜው ግን የአንባቢው መጠሪያ ነው እንጂ የመጽሐፉ መለኪያ አይደለም። መጽሐፉን የወጣት የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ወሳኙን ውሳኔ ወጣቷ ራሷ መወሰኗ፤ ብትሳሳትም እንኳ ስሕተቱ የእሷ መሆኑ። እናት፣ መምህር፣ ነፍስ አባት ይመክራሉ፣ ይከለክላሉ፣ ይቀጣሉ፤ መጨረሻውን ግን እነሱ አይዘጉትም። ሁለተኛው የተራኪው ርቀት ነው። «ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ፍቅር ምን እንደሆነ ምን አውቄ» ብሎ የሚጀምር ትረካ በ35 ዓመት ሴት አፍ የተነገረ ነው፤ ስለ ወጣትነት የተጻፈ የትልቅ ሰው መጽሐፍ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም፤ ትረካውም ማወቅ የለበትም። በረቂቁ ውስጥ «በኋላ እንደተረዳሁት»፣ «የልጅነት ሞኝነት» የሚሉ ሐረጎች ካሉ ያስምሩባቸው።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የፍቅሩን ክር በሐሳብዎ መዘው ያውጡት። የቀረው ታሪክ (ፈተናው፣ ቤቱ፣ ጓደኝነቱ) በእግሩ የሚቆም ከሆነ ይህ ፍቅር ያለበት የወጣቶች ልብ ወለድ ነው፤ የሚፈርስ ከሆነ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ጸሐፊዋ የትኛውን እንደጻፈች ማወቅ አለባት፤ ለአንዱ የሚሰጠው ምክር ለሌላው አይሠራም።

ስለ ፍጻሜው አደራ የምለው ነገር አለ። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ፍቅርን በመቃብር መለካት ለምደናል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሙም ፍጻሜውም ይህንኑ አስተምሮናል፤ ታላቅነቱም አያከራክርም። ነገር ግን ከዚያ የተነሣ ብዙ ገምጋሚ በደስታ ያለቀ የፍቅር መጽሐፍ ሲያይ «ቀላል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ የገምጋሚው ጉድለት ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ዘውጉን ሲተረጉም ያስቀመጠው ሁለት መመዘኛ ብቻ ነው፦ ማእከሉ የፍቅር ታሪክ መሆኑና ፍጻሜው ስሜትን የሚያረካ፣ ተስፋ ያለው መሆኑ። የእኛም ሥር ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ሴት ልጅ ታሪክ ሆኖ የሚዘጋው በሠርግ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በደስታ ያለቀ ነው፤ «ልብ ወለድ» የሚለውን መጠሪያም የወረስነው ከእሱ ነው። ስለዚህ የተማሪዎን መጽሐፍ ስለታረቁ አይቀንሱበት። የሚጠየቀው መታረቁ ተከፍሎበታል ወይ የሚለው ነው። ናሆም ምን አጣ? ምን ተማረ? ሜሮን ስትቀበለው ከገጽ 70ዋ ሜሮን በምን ትለያለች? መልስ ከሌለ ፍጻሜው ደስ የሚል ቢሆንም አልተከፈለበትም።

አሁን ወደ ታክሲው ልሂድ፤ ተማሪዎችዎን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ወንድ ልጅ ሴት ልጅን እጇን ጎትቶ ከታክሲ ሲያስወርድ ማሳየት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ ልብ ወለድም እውነቱን ማሳየት አለበት። ስሕተት የሚሆነው ጽሑፉ ድርጊቱን እንደ ፍቅር ማስረጃ ሲሸልመው ነው። ሽልማቱን ለማወቅ ሦስት ቦታ ይመልከቱ። መጀመሪያ የሜሮን ሰውነት፦ ክንዷ ታሟል? ፈርታለች? አፍራለች? ተሳፋሪው ምን አለ? ወይስ ገለጻው በቀጥታ ወደ ናሆም የተቆጣ ውብ ፊት ሄደ? ሁለተኛ፣ ከሰው ሁሉ አንድ እንኳ ድርጊቱን በስሙ የጠራ አለ? ረዳቱ ወይም ጓደኛዋ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ያውቃል? ስብከት አያስፈልግም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ገጽ ሜሮን «እንዴት ቢወደኝ ነው» ብላ ካሰበችና ታሪኩም ካጸደቀላት ችግር አለ። ብላ አስባ ታሪኩ ቆይቶ ካስተባበላት ግን ይህ ድንቅ ነው፤ ብዙ የ17 ዓመት ልጅ እንዲሁ ታስባለችና።

ይህን የምለው ከልማዳችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ጠለፋን የጀግንነት ፍቅር አድርጎ መተረክ በእኛ ዘንድ ረጅም ዕድሜ አለው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚድንበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ያንን ቀዳዳ ዘጋው። ሕጉ ከተቀየረ ቆይቷል፤ የልብ ወለዳችን ቋንቋ ግን ገና አልተከተለውም። «እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ በየምልልሱ ተደብቆ ያገኙታል። ስልኳን መበርበር፣ የት እንደዋለች በየሰዓቱ መጠየቅ፣ ከጓደኞቿ መነጠል፤ እነዚህ በረቂቁ ውስጥ ካሉ በተመሳሳይ ሦስት ጥያቄ ይፈትኗቸው። መጽሐፉ በጋብቻ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን ይቁጠሩ፦ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት ይላል። ሜሮን 17 ናት።

ቋንቋውን ሲመዝኑ «ያምራል» የሚለውን ቃል ይጠርጥሩት። አማርኛ ለማማር የተመቸ ስለሆነ ማማሩ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል እኔ የፈጠርኳቸውን ሁለት ቅንጭቦች ልስጥዎት። አንዱ እንዲህ ይላል፦

«የሜሮን ዓይኖች እንደ ንጋት ኮከብ ያበራሉ። ጥርሶቿ እንደ ወተት የነጡ ናቸው። ናሆም ባያት ቁጥር ልቡ ከደረቱ ልትወጣ ትደርሳለች። እንደ እሷ ያለች ልጅ በዓለም ላይ እንደሌለች እርግጠኛ ነበር።»

ሌላው፦

«ሜሮን ከኮሎው ውስጥ ሽምብራ ሽምብራውን እየለቀመች የወረቀቱ ጥግ ላይ ታጠራቅማለች። ገብሱን እሷ ትቆረጥመዋለች። ናሆም ሽምብራ እንደሚወድ የነገራት በጥቅምት ነበር። አሁን መጋቢት ነው።»

በመጀመሪያው ውስጥ የሜሮንን ስም አውጥተው የማንኛዋንም ልጅ ስም ቢያስገቡ ምንም አይጎድልም፤ የተጻፈው ስለ ውበት እንጂ ስለ ሜሮን አይደለም። በሁለተኛው ፍቅር የሚል ቃል የለም፤ ሥራውን የሠሩት ሁለቱ ወራት ናቸው። አምስት ወር ሙሉ አስታውሳለች ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከተለያዩ በኋላ፣ ገጽ 150 አካባቢ፣ ናሆም ብቻውን ኮሎ ገዝቶ ሽምብራው ከገብሱ ጋር ተቀላቅሎ ሲያገኘው ጸሐፊዋ «ናፈቀችው» ብላ መጻፍ አያስፈልጋትም። በረቂቁ ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ተዘርቶ በኋላ የሚበቅል ነገር ስንት ጊዜ አለ? ከአምስት ያላነሰ ካገኙ ጸሐፊዋ ተሰጥኦ አላት፤ ገጹን ጠቅሰው ይንገሯት።

ምልልሱን ጮክ ብለው ያንብቡት። የወጣት ረቂቆቻችን ትልቁ በሽታ ከውጭ ተከታታይ ድራማ የተተረጎመ የሚመስል አነጋገር ነው፦ «እባክህ ስሜቴን ተረዳልኝ፤ ያለ አንተ ሕይወቴ ትርጉም የለሽ ናት።» የ12ኛ ክፍል ልጅ እንዲህ አትልም። የምትለው «ደረስክ?»፣ «በላህ?»፣ «ቻርጅህ ስንት ቀረው?» ነው፤ ፍቅሩ ያለው በመጠየቋ ውስጥ ነው። ሌላው ጽንፍም አለ፦ በየመስመሩ የአራዳ ቃል መደርደር። የአራዳ ቃል ቶሎ ያረጃል፤ መጽሐፉ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ የተማሪ መሳቂያ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ይበቃል፤ የቀረውን የዓረፍተ ነገሩ ማጠርና መቆራረጥ ይሠራዋል።

የአማርኛ ደራሲ በእጁ ያለ፣ ብዙዎች ግን የማይጠቀሙበት ሀብት አጠራር ነው። ናሆም «ሜሪ» ሲላት ቆይቶ ተቆጥቶ «ሜሮን» ቢላት አንባቢ ይደነግጣል። የሚቀራረቡ ሰዎች ሴቷን በፍቅር «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ማለታቸው የቋንቋችን ውበት ነው፤ መጀመሪያ የተባለበት ገጽ ራሱን የቻለ ትዕይንት ሊሆን ይችላል። በዚያው ልክ ስሕተትም ይበዛል። ተራኪዋ እናቷን አንድ ምዕራፍ ላይ «አለችኝ»፣ ሌላው ላይ «አሉኝ» ካለች ያለ ምክንያት ተደባልቆባታል። አያትን «አሉ»፣ እናትን «አለች» ማለት ያስኬዳል፤ መወሰንና ከውሳኔው አለመውጣት ነው። እናትን በቅያሜ ጊዜ ወደ «አሉኝ» ማራቅ ሆን ተብሎ ሲደረግ ግን ብልኃት ነው። ጸሐፊዋ ሆን ብላ ይሁን አይሁን ይጠይቋት።

እውነታውንም ያጣሩ፤ የወጣት አንባቢ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጉዘው ሲፈተኑ ቆይተዋል፤ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። በረቂቁ ውስጥ ናሆም በፈተናው ሌሊት መልእክት ከላከላት የሚያነቡት ተማሪዎች መጽሐፉን እዚያው ይዘጉታል። ለጸሐፊዋ ግን ይህ ስጦታ ጭምር ነው። ስልክ የሌለበት፣ ከቤት የራቀ፣ አልጋው የማይታወቅ ጥቂት ቀን፤ የሚራራቁበት እውነተኛ ምክንያት ፍለጋ የስልክ ሌባ መፍጠር አያስፈልጋትም ነበር።

አስተያየትዎን ሲጽፉ ከሁለት ገጽ አይለፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ እርስዎ በገባዎት መንገድ በአምስት መስመር ይጻፉላት፤ ያሰበችው እርስዎ ዘንድ መድረስ አለመድረሱን የምታውቀው ከዚህ ነው። ቀጥሎ የተሳኩላትን ቦታዎች ከነገጻቸው። ከዚያ ቢበዛ ሦስት ዋና ችግር፤ በዚህ ረቂቅ እንቅፋቱ፣ የሜሮን አለመወሰንና ታክሲው ናቸው። አሥራ አምስት ችግር ቢዘረዝሩ አንዱንም አታስተካክልም። በ«ደካማ ነው» ፋንታ ጥያቄ ይጻፉ፦ «ገጽ 198 ላይ ናሆም ሲመለስ ሜሮን ለምን እንደተቀበለችው አልገባኝም፤ በእነዚያ ወራት ምን ስታስብ ነበር?» መፍትሔውን እርስዎ አይጻፉላት። እኔ ከላይ የጠቀስኳቸውን የምደባና የእህት ምሳሌዎችም እንዳሉ አይስጧት፤ ከራሷ ካልወጣ እንቅፋቱ እንደገና ከውጭ የተለጠፈ ይሆናል። የሀ፣ ሐ፣ ኀ እና የሰ፣ ሠ እርማት ለመጨረሻው ረቂቅ ይቆይ። አሁን ቀይ እስክሪብቶ ካነሡ እሷም ፊደሉን አርማ ትመልስልዎታለች፤ ታሪኩ ባለበት ይቀራል።

ለተማሪዎች ይሆናል ወይ ላሉት፣ አሁን ባለበት ለክፍል ማስነበቢያ አይሁን፤ ለሙከራ ግን ይሁን። ጸሐፊዋን አስፈቅደው፣ ስሟን ሳይጠቅሱ፣ ለአራት ወይም አምስት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጀመሪያውን 30 ገጽና የታክሲውን ምዕራፍ ይስጡ፤ ወላጆቻቸውም ይወቁት። ሴቶች ብቻ አይሁኑ፤ ወንዶቹ ናሆምን እንዴት እንደሚያዩት ማወቅ የበለጠ ይጠቅማል። ነጥብ የሚያዝበት አይሁን፤ ነጥብ ካለው መምህርቷን የሚያስደስት መልስ ይመጣል። «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «የት ላይ ማንበብ አቆማችሁ?»፣ «በማን ተናደዳችሁ?»፣ «ሜሮንን ብትሆኑ ከታክሲው ወርዳችሁ ምን ትሉት ነበር?» ይበሉ። አብዛኞቹ «እንዴት ቢወዳት ነው» ካሉ ምዕራፉ ድርጊቱን እየሸለመ ነው፤ የተማሪዎቹን መልስ በቃላቸው ጽፈው ለጸሐፊዋ ይስጧት። ከእርስዎ አስተያየት ይልቅ ይህ ይለውጣታል።

ሁለተኛውን ረቂቅ ይዛ ስትመጣ ከገጽ 1 አይጀምሩ። በቀጥታ ከገጽ 60 እስከ 200 ያለውን ያንብቡና የአምስቱን ደቂቃ ፈተና ይድገሙት። ንግግሩ ካለቀ በኋላ የሚቀር ነገር ካገኙ ወደ ኋላ ተመልሰው ዘሩ ከገጽ 40 በፊት መዘራቱን ያረጋግጡ።